የኢቲዳል ምስክር

ነዕማ በቀርከሃው አጥር ጥግ ጎንበስ ብላ ፊቷን ስትታጠብ ነው የሰማችው። እናቷ ሐጃ ዓዲላ በር ላይ ቆመው ከጎረቤታቸው ከዐርዋ ጋር ያወራሉ። «አላህ በስተርጅናዬ ሴት ልጅ ሰጠኝ፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ስለ ምራታቸው ስለ ኢቲዳል ነው። ዐርዋ ሳቅ ብላ «ነዕማስ?» ብትላቸው «ነዕማማ አለች» አሉ። ነዕማ በእፍኟ የያዘችው ውሃ በጣቶቿ መሃል ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም። አለች። ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ አለ፣ ጓሮው ውስጥ በርሜል አለ እንደሚባለው ነዕማም አለች። ታጥባ ሳትጨርስ ፊቷን በሻሿ ጫፍ አባብሳ ወደ ቤት ገባች።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ቀርከሃ ሆኖ ጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በመንገዱ በኩል ያለው ሰፊው ክፍል የወንድሟ የባቢከርና የሚስቱ የኢቲዳል ነው። መሃለኛው የሐጃ ዓዲላ ነው። የጓሮው ክፍል ድሮ ማሽላ ይከመርበት ነበር፤ ነዕማ ከባሏ ተፋትታ ከባምባሲ ስትመለስ ማሽላው ወጥቶ አልጋ ገባበት። ባቢከር ጉባ፣ ግድቡ ላይ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር አንዴ ቢመጣ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያሉት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱ ያወራሉ፣ አንዷ ትሰማለች። ኢቲዳል ከድንበሩ ማዶ፣ ከደማዚን፣ ጦርነት ሸሽታ የመጣች ናት። እሷም እንደ እነነዕማ በርታ ናት፤ ያሳደገቻት አያቷ ስለሆነች ደግሞ የበርታ ቋንቋዋ አሶሳ ተወልደው ካደጉት ሴቶች ይልቅ የጠራ ነው። ሐጃ ዓዲላ ይህን ይወዱላታል። ነዕማ አማርኛ ቀላቅላ ስታናግራቸው «ምን አልሽ?» ይላሉ፤ ኢቲዳል ስትናገር ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ የሞተች እናታቸው ድምፅ የሚሰማቸው ይመስላሉ።

ዛሬ ኢቲዳል የኢትዮጵያ ዜግነት የምትቀበልበት ቀን ነው። ማመልከቻዋ አዲስ አበባ ታይቶ የቀራት ቃለ መጠይቁና መሐላው ነበር፤ ለዚያም ሰዎች አሶሳ ድረስ መጥተዋል። ባቢከር ትናንት ደውሎ «ፈቃድ አልሰጡኝም። ከቤተሰብ አንድ ምስክር ይፈልጋሉ፤ አንቺ ቁሚላት» ሲላት ነዕማ «እሺ» አለች። ወንድሟን እምቢ ብላው አታውቅም። ስልኩን ከዘጋች ወዲህ ግን አንድ ሐሳብ አብሯት ይዞራል። «ጠባይዋ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቋት፣ «ብዙም አላውቃትም» ብትልስ? ስድብ አይደለም። ክስም አይደለም። አንድ ቤት እየኖሩ እንዲህ የሚል ሰው ሲያጋጥማቸው የመጡት ሰዎች የቀረውን ራሳቸው ይሞሉታል። ይህን እያሰበች ሻይዋን ቆማ ጠጣች።

ኢቲዳል ከክፍሏ ስትወጣ የለበሰችው ሰማያዊውን ቶብ ነበር። ነዕማ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉባቸው የሱዳን ቶቦች፣ ሽቶና የሂና ዱቄት ትሸጣለች። ይህ ቶብ ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ውዱ ነበር፤ ስድስት ሺህ ብር ጠርታበት የሚገዛ እስኪመጣ ላስቲኩን ሳትፈታ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣው ነበር። እውነቱን ለመናገር ገዢ ባይመጣ ደስ ይላት ነበር። ባለፈው ሳምንት እናቷ «ያንን ሰማያዊውን ለኢቲዳል አምጪላት፤ ሰው ፊት ልትቆም ነው» አሏት። አመጣች። አሁን ቶቡ የኢቲዳልን ጥቁር ፊት ከቦ ሲያበራው ሐጃ ዓዲላ፣ ዐይናቸው ደክሞ መልክ በማይለዩበት ዘመናቸው፣ ጨርቁን በእጃቸው ዳበሱና «ማሻአላህ» አሉ። ከዚያ ወደ ነዕማ ዘወር ብለው «አንቺስ ያንኑ የዘወትሩን ነው የምትለብሺው?» ሲሉ ጠየቁ። ነዕማ «ምስክር ነኝ እኮ፤ ምስክር አይሞሸርም» አለች። ማንም አልሳቀም።

ባጃጁን የሚነዳው የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነው፤ ንግግሩ አሁንም የወላጆቹን አገር ይሸታል። በመስተዋቱ ኢቲዳልን እያየ «ሙሽራ ናት እንዴ?» አለ። ነዕማ ልትመልስ ስትል ኢቲዳል በተሰባበረው አማርኛዋ «አይደለም። እኔ ዛሬ ኢትዮጵያዊ ይሆናል» አለችው። ልጁ በጣም ደስ አለው። ከየት እንደመጣች ጠየቃት፣ ስንት ዓመት እንደሆናት ጠየቃት፣ የአሶሳን ሙቀት ቻልሽው ወይ አላት፤ እሷም ደማዚን ከዚህ ይበልጥ እንደሚሞቅ በእጇም በአፏም አስረዳችው። «እኛስ ማንም ሳይጠይቀን ሆነን ተገኘን» አለ እየሳቀ። ሲወርዱ ነዕማ የሁለቱን ሂሳብ ብትሰጠው የኢቲዳልን መለሰላት። «ከአዲስ ዜጋ ዛሬ አልቀበልም» አለ፤ የነዕማን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ኢቲዳል ሳቀች። ነዕማም ከንፈሯን ፈገግ አደረገች፤ ደረቷ ውስጥ ግን ጠዋት ለተጫረው እሳት አንድ ፍልጥ እንጨት ተጨመረለት።

ቃለ መጠይቁ የሚደረገው የክልሉ ቢሮዎች ባሉበት ግቢ ውስጥ፣ ለስብሰባ በሚያገለግል አዳራሽ ነበር። በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከእነሱ ቀድመው አንድ ሽማግሌና አንድ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል፤ ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሁሉም እንደ ሐኪም ቤት ተራ ጠባቂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ኢቲዳል የነዕማን እጅ ያዘች። ነዕማ እጇን ለመንጠቅ ምክንያት ፈልጋ አጣችና ተወችላት። ኢቲዳል የመሐላውን ቃል በአማርኛ ለብቻዋ ታነበንባለች፤ ባቢከር በስልክ ነበር ያስጠናት። «ታማን ዜጋ» ትላለች። «ታማን ዜጋ ለመሆን።» ትንሽ ቆይታ ወደ ነዕማ ዘወር አለችና «ልክ ነኝ?» ብላ በራሳቸው ቋንቋ ጠየቀቻት። ነዕማ አማርኛን ትምህርት ቤትም ገበያም ስለተማረችው ስሕተቱን በመጀመሪያው ጊዜ ሰምታዋለች። «ልክ ነሽ» አለቻት። ኢቲዳልም ረክታ «ታማን፣ ታማን» እያለች ቀጠለች።

ተራቸው ሲደርስ ገቡ። ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጡት አቶ ደባልቄ የሚባሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ጉንፋን የያዛቸው ሰው ነበሩ። አጠገባቸው አንዲት ሴት ትጽፋለች። በጎን በኩል ኢዘዲን የሚባል የበርታ ቋንቋ መምህር ለአስተርጓሚነት ተጠርቶ ተቀምጧል። አቶ ደባልቄ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠራረጉና «ሕጉ ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን መቻል ነው የሚለው፤ አማርኛ ብቻ አይልም። በሚቀልልዎት ይናገሩ» አሉ። ኢቲዳል በርታን መረጠች። ስትናገር ድምፅዋ ተለወጠ፤ በአማርኛ ሲሆን የምትጎተተው ሴት ጠፍታ ሌላ ሰው መጣች። ኢዘዲን አንድ ሁለቴ ማስተርጎሙን ገታ አድርጎ «ይቺን ቃል ከአያቴ በኋላ ሰምቻት አላውቅም» አለ፤ ጸሐፊዋም ፈገግ አለች። ነዕማ ግድግዳው ሥር በተሰጣት ወንበር ላይ ሆና ቃሏን በልቧ ያዘች። ብዙም አላውቃትም።

መቼ ተጋባችሁ፣ በምን ትተዳደራላችሁ፣ የሱዳን ዜግነትዎን መተውዎን ያውቃሉ ወይ፣ እያሉ ጠየቋት። «አውቃለሁ» አለች። «ወላጆችዎስ?» ሲሏት «አባቴ ሞቷል። እናቴ ደማዚን ናት፤ በሕይወት አለች» አለች። ኢዘዲንም ዝቅ ባለ ድምፅ አስተረጎመው። አቶ ደባልቄ ፊታቸው ያለውን ወረቀት ገለጡ። ከዚያ «ዜግነቱን ለምን ፈለጉት?» አሉ።

ኢቲዳል ቀና አለች። «አዋላጅ ነኝ» አለች። «ደማዚን ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ ግን የውጭ አገር ሰው ስለሆንኩ አይቀጥሩኝም። መንጌ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያው አዋላጅ ቸግሯቸዋል። ወረቀቴን አይተው፣ ዜግነቱን ይዘሽ ነይ ብለውኛል። ባለቤቴም ተስማምቷል። ቤት አግኝተን ወደዚያ እንገባለን።»

ነዕማ የምትሰማውን አላመነችም። መንጌ። ኢቲዳል ልትሄድ ነው። ማሽላ የነበረበትን ክፍል ትታ ወደ ሰፊው የምትገባ፣ ጠዋት የእናቷን ዐይን መድኃኒት የምታንጠባጥብ፣ የእናቷን ወሬ የምትሰማ ነዕማ ልትሆን ነው። ለዚህ ሁሉ እንቅፋቱ ደግሞ እሷው ራሷ ይዛው የመጣችው ቃል ሆኖ አገኘችው። ይህቺ ሴት ዛሬ ካልማለች አትቀጠርም፤ ካልተቀጠረች አትሄድም።

«ወይዘሮ ነዕማ፣ ወደዚህ ይቅረቡ» አሉ አቶ ደባልቄ። «አብራችሁ ነው የምትኖሩት። ጠባይዋ እንዴት ነው?»

ነዕማ ተነሣች። ስትጀምር ጥቂት ነገር ተናግራ ልትቀመጥ ነበር። ግን አፏን ስትከፍት ባለፉት ዓመታት አንድ በአንድ ያየችው፣ አይታም ልቧ ላይ የቆለለችው ሁሉ ተራውን ጠብቆ ወጣ። «ይህቺ ሴት ከሱብሒ ሰላት በፊት ትነሣለች» አለች። «የእናቴን ውሃ አሙቃ ትጠብቃታለች። እናቴ ዐይኗ ደክሟል፤ መድኃኒቱን ሌላ ሰው ሲያደርግላት ትቆጣለች፣ እሷ ስታደርግላት ግን ትተኛለች። ክረምት ላይ እናቴ ወባ ይዟት ስትቃዥ ይህቺ ሴት ልብሷን አልቀየረችም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ነበረች። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ጎረቤት ሴት ምጥ ቢይዛት እሷን ነው የሚጠሩት፤ ሄዳ ያገላገለችበትን ዋጋ ጠይቃ አታውቅም፤ ሳሙና ቢሰጧት ሳሙናውን ለእናቴ ታመጣለች። ከማንም ጋር ተጣልታ አላየሁም። እኔ ቀን ሙሉ ሳላናግራት ስውል እንኳ ማታ ምግቤን ከድና አስቀምጣ ነው የማገኘው። እናቴ ሴት ልጅ ተሰጠኝ ትላለች። ለሰው ስትናገር ሰምቻለሁ።» እዚህ ላይ ሻሿን ሳብ አደረገች። «እኔ ከዚህ የተሻለ ዜጋ አላውቅም» ብላ ጨረሰች።

ጸሐፊዋ መጻፏን ትታ ታያታለች። አቶ ደባልቄ መነጽራቸውን አወለቁ። «እህትዎ ናት?» አሉ። «የወንድሜ ሚስት ናት።» «እንዲህ አድርጎ የሚመሰክር ዘመድ ብዙ አይገጥመኝም» አሉ፣ በመሐረባቸው አፍንጫቸውን እየጠራረጉ። ነዕማ ወደ ወንበሯ ስትመለስ አንዲት ውሸት እንኳ እንዳልተናገረች አስተዋለች። ኢቲዳልን የሚወድ ሰው አምጥተው ቢጠይቁት ኖሮ የዚህን ግማሽ አያውቅም ነበር። ኢቲዳል አንዴ ቀና ብላ አየቻትና ዐይኗን ወደ መሬት መለሰች።

መሐላው ከሰዓት ነበር። ቃለ መጠይቁን ያለፉት ሁሉ ባንዲራው ፊት ቆመው ቀኝ እጃቸውን አነሡ። አቶ ደባልቄ ቃሉን በጥቂት በጥቂቱ እየቆረጡ ይሉላቸዋል፤ እነሱ ይከተላሉ። ሽማግሌው እየተንቀጠቀጠ ማለ። ኢቲዳል ተራዋ ሲደርስ «ታማን ዜጋ» አለች። አቶ ደባልቄ ቀስ ብለው «ታማኝ» አሏት። «ታማን» አለች ደግማ። «ታማ-ኝ።» «ታማኝ» አለች በመጨረሻ፤ ቃሏን ስታቃናው አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሯት ትንፋሹን ለቀቀ፣ ፊቱም ፈታ አለ። ነዕማ ያላረመችላት ስሕተት ሰዉን ሁሉ የኢቲዳል ወገን አድርጎት አረፈው። ሲያጨበጭቡላት ነዕማም አጨበጨበች። ስታጨበጭብ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ እሷ እዚሁ አሶሳ ተወልዳ እዚሁ አርጅታ ልትሞት ነው፣ ዜጋ በመሆኗ ግን ያጨበጨበላት ሰው የለም። እናቷም ልጄ በመሆንሽ ደስ ብሎኛል ብለዋት አያውቁም። ልጅ መሆን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ልሁን ብላ አልጠየቀችም። እጇ እስኪግል አጨበጨበች።

ቤት ሲደርሱ ዐርዋ ገንፎና የባሚያ ወጥ ሠርታ አቆይታቸዋለች። ሐጃ ዓዲላ መሃለኛው ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ኢቲዳልን አጠገባቸው አስቀመጧት፤ ፊቷን በሁለት እጃቸው ዳበሱት። ነዕማ በሩ አጠገብ ቦታ ያዘች። መብሉ ጥሩ ነበር፤ ወሬው ደግሞ ስለ ባጃጁ ልጅ፣ ስለ ሽማግሌው መንቀጥቀጥና ስለ ኢዘዲን አያት ነበር። ነዕማ ግን አንዲት ነገር ብቻ ነበር የምትጠብቀው። ከእናቷ ፊት ላይ ዐይኗን አላነሣችም። በመጨረሻ ዐርዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ ኢቲዳል እጇን ታጥባ ተቀመጠችና «ዩማ፣ የምነግርሽ አለኝ» አለች። ዩማ እማዬ ማለት ነው፤ ነዕማም እናቷን የምትጠራበት ስም ይኸው ነው፤ በኢቲዳል አፍ ሲሆን ግን ቃሉ ይለሰልሳል። ስለ መንጌ ነገረቻቸው። ሥራውን፣ አዋላጅ ያጡትን ሴቶች፣ ባቢከር መስማማቱን፣ እስካሁን ያልነገረቻቸው ሳይሳካ ቀርቶ እንዳያዝኑ ብላ መሆኑን ነገረቻቸው።

ሐጃ ዓዲላ የምንጣፉን ጠርዝ ዳበሱ። ነዕማ በውስጧ «አሁን» አለች። አሁን የእናቷ ፊት ይጨልማል፣ አሁን ይህቺን ሴት «ትተሽኝ ልትሄጂ» ይሏታል፣ አሁን ወደ በሩ ዘወር ይላሉ።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አሉ ሐጃ ዓዲላ።

ኢቲዳል ደነገጠች። «አንቺም?»

«መንጌ እኮ የተወለድኩበት ነው። ልጅ ሆኜ ወንዙ ዳር ወርቅ ያጠብኩበት ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ልመለስበት እፈልግ ነበር፤ ከማን ጋር እሄዳለሁ?» ድምፃቸው የልጃገረድ ሆነ። «እዚህስ ምን አለኝ? ቤቱን እንደሆነ ነዕማ ትጠብቀዋለች።»

ነዕማ ተነሥታ ወጣች። ትሪውን ይዛ ስለወጣች ማንም ነገሬ አላላትም። ጓሮ፣ የውሃው በርሜል ጋ ስትደርስ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ቆመች። ልታለቅስ ፈለገች፤ ዕንባው ግን አልመጣም። ራሷ ናት የመረቀቻት። ራሷ ናት በሰው ፊት ቆማ እናቴ ያለ እርሷ አትሆንም ያለችው። አዳራሹ ድረስ ሄዳ፣ በሚያምር አማርኛ፣ እናቷን አሳልፋ ሰጥታ መጣች።

ኢቲዳል ድስቱን ይዛ ተከተለቻት። ሰማያዊውን ቶብ አውልቃ የቤት ልብሷን ለብሳለች። ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው ማጠብ ጀመሩ።

«ዛሬ ያልሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ» አለች ኢቲዳል በራሳቸው ቋንቋ። «አማርኛ መናገር ነው የሚቸግረኝ፤ መስማቱን እሰማለሁ።»

«የጠየቁኝን ነው የመለስኩት።»

«ለምን እንደዚያ እንዳልሽም ገብቶኛል። መንጌ ስል ፊትሽን አይቼዋለሁ።»

ነዕማ እጇን ከውሃው አላወጣችም። ኢቲዳል ግን የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ የድስቱን ጥቀርሻ በአሸዋ እየፈተገች ቀጠለች። «ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር። ግን አንዱንም ውሸት አላልሽም። ያንን ሁሉ ማየትሽን አላውቅም ነበር። ማንም የማያየኝ ነበር የሚመስለኝ።» ትንሽ ቆይታ «እኔ ደግሞ በአንቺ ነው የምቀናው» አለች።

«በእኔ? በምኔ?»

«እናትሽ ስትስል በግድግዳው ትሰሚያታለሽ። የኔ እናት ስትታመም የምሰማው በስልክ ነው፤ ያውም ኔትወርክ ከሠራ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ልጠይቃት ብሄድ ለአገሯ እንግዳ ነኝ። እጄን አንሥቼ ስምል እሷን ነበር የማስበው። ሰው ሲያጨበጭብ እሷን ነበር የማስበው።» ድስቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። «ዩማን ነይ አላልኳትም። አትምጪ ብዬ ደግሞ አልከለክላትም፤ አፌ እሺ አይለኝም። እንድትቀር ከፈለግሽ አንቺ ንገሪያት።»

«እኔ ብነግራት ትቀራለች?»

«አላውቅም። ነግረሻት ታውቂያለሽ?»

ኢቲዳልም መልስ ሳትጠብቅ ዕቃውን አንሥታ ገባች።

ፀሐይ ጠልቃ መስጊዱ አዛን ካለ በኋላ ነዕማ ወደ መሃለኛው ክፍል ገባች። ሐጃ ዓዲላ መግሪብን ሰግደው ጨርሰው መስገጃው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥንና በላስቲክ የተሸፈነ የድሮ ቴሌቪዥን ነው። ነዕማ ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ ክፍል ውስጥ የተቀመጠችው መቼ እንደሆነ ማስታወስ አቃታት። ዕቃ ለማምጣት ትገባለች፣ ዕቃ ይዛ ትወጣለች። አሁን መሬት ላይ፣ ከመስገጃው ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ማነሽ?» አሉ ሐጃ ዓዲላ።

«እኔ ነኝ ዩማ።»

«ምን ፈለግሽ?»

«መንጌ አትሂጂ።»

መቁጠሪያው ቆመ። «ለምን?»

ነዕማ አፏን ከፈተች። አዳራሹ ውስጥ ለሌላ ሴት ያ ሁሉ ቃል ተራውን ጠብቆ ሲወጣ ነበር፤ ለራሷ ግን አንድም አልመጣላትም። «ቤቱ...» አለች።

«ቤቱ ምን ይሆናል? አንቺ አለሽበት።»

«ስለ ቤቱ አይደለም።» አማርኛ አፏ ላይ መጣባትና መለሰችው፤ በእናቷ ቋንቋ ልትለው ፈለገች፤ ቃላቱንም አንድ በአንድ እየፈለገች አወጣቻቸው። «ከእኔ ጋር ሁኚ። ብቻዬን አልፈልግም። አንቺን እፈልጋለሁ።»

ሐጃ ዓዲላ የደከመ ዐይናቸውን ድምፁ ወደመጣበት መለሱ። ከኢቲዳል ክፍል የስልክ ድምፅ ይሰማል፤ ለባቢከር የመሐላውን ነገር እያወራችለት ነው።

«ከባምባሲ የመጣሽ ዕለት» አሉ ሐጃ ዓዲላ፣ «ሻንጣሽን ይዘሽ በዚህ በር አለፍሽ። ሰላም አልሽኝና ጓሮ ገብተሽ ዘጋሽ። ባልሽ ምን እንዳደረገሽ አልነገርሽኝም። እናቴ፣ መጣሁልሽ አላልሽኝም። ቦታ አጥታ መጣች እንጂ ፈልጋኝ አልመጣችም ብዬ ዝም አልኩሽ።»

«አፍሬ ነበር።»

«እኔ በምን ልወቅ?»

ነዕማ ወደ መስገጃው ተጠጋች። እናቷ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን አገኙት፤ ከትከሻዋ ወደ አንገቷ፣ ከአንገቷ ወደ ጉንጯ ሄደው የረጠበ ሲነኩ እዚያው ቆዩ። ጣቶቻቸው ሻካራና ቀዝቃዛ ነበሩ።

«እስከ ረመዳን እቆያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ረመዳንን ግን ከእሷ ጋር ነው የምጾመው፤ መንጌ።»

ደረቷ ውስጥ ያለው እሳት በዚያ ቃል እንደገና ሲነሣ ነዕማ ተሰማት። ጠፍቶ አልነበረም። ለእናቷ የምትመልሰው ቃልም አፏ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«እሺ ዩማ» አለች።

እስከ ረመዳን ስንት ወር እንደቀረ ልትቆጥር ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረችና ተወችው። እናቷ እጃቸውን ከጉንጯ ሳያነሡ በሌላው እጃቸው መቁጠሪያቸውን ካቆመበት ቀጠሉ።